የጎጆ ውሃ በስንት ይፈላል?

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ መኪና ከሱቄ ፊት ለፊት ቆመ። አምቦ ውስጥ በግንቦት ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ክረምቱ ሳይገባ ማዳበሪያው ገበሬው እጅ እንዲደርስ መኪኖቹ ከጅቡቲ ይጎርፋሉ። የተፈታ ራዲዮ ላይ አቀርቅሬ ስለነበር ቀና አላልኩም። ቀና ያደረገኝ ከጋቢናው ዘሎ የወረደው ረዳት ድምፅ ነው።

“ባርሲሳ! ዕቃህን አመጣሁልህ!”

ባርሲሳ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። በዚህ ስም የሚጠሩኝ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ መምህር የሆንኩት በዕድሜዬ ለአንድ መንፈቅ ያህል፣ ያውም በሰው ቦታ ነውና። ገመቹ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ነው። ከጃኬቱ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ቀጭን ነገር አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ፈታሁት። አሮጌው ቴርሞሜትሬ ነው፤ ቀይ ክሩ፣ አናቱ ላይ ያለችው ጭረት፣ ሁሉም እንደነበረ።

“አየኸው?” አልኩት።

“አየሁት።”

“ስንት?”

በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ። “መጀመሪያ ሻይ እዘዝ። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀህ ሻይ እስኪመጣ መጠበቅ ያቅትሃል?”

ሻይ አዘዝኩ። እስኪመጣ ድረስ ሐሳቤ ወደ ጎጆ ወጣ።

ጎጆ ከጊንጪ ወደ ሰሜን የሚወጣው ኮረኮንች መንገድ የሚያደርስባት የጀልዱ ወረዳ ከተማ ናት። ገብስና ድንች፣ በግ፣ ጭጋግ፣ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ የሚያደርግ ውርጭ። እዚያ የወጣሁት ሃያዎቹን ገና ስጀምር ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ስላላመጣሁ አምቦ ውስጥ ራዲዮና ሞባይል እጠግን ነበር። ጥገናውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዕቃ እየፈታሁ፣ ያገኘሁትን አሮጌ መጽሐፍ እያነበብኩ ነው የለመድኩት። አንድ ቀን ኦቦ ቶለሳ የሚባሉ፣ ጎጆ አጠገብ የሚገኝ የአንድ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የተቃጠለ የድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። ለምን እንደተቃጠለ ሲጠይቁኝ ማስረዳት ስላልሆነልኝ በባትሪና በቀጭን ሽቦ አሳየኋቸው። ሽቦው ቀልቶ ሲበጠስ ሳቅ አሉ።

“የሳይንስ መምህርታችን ልትወልድ ነው፤” አሉኝ። “እስክትመለስ ልጆቹን ብትይዝልኝስ?”

“እኔ እኮ ወረቀት የለኝም፣ ኦቦ።”

“ወረቀትማ ሞልቶናል። ያጣነው የሚያሳይ ሰው ነው።”

ቤት የተከራየሁት አዴ ወርቄ ዘንድ ነበር፤ በኦሮምኛ ኦቦ ለወንድ፣ አዴ ለሴት የአክብሮት መጥሪያ ነው። አዴ ወርቄ የአምቦ ልጅ ሆነው ጎጆ ያገቡ ሴት ናቸው፤ ከጎጆ ነገር ሁሉ አንድ ያልተዋጠላቸው እንጨቱ ነበር። ባቄላ በጣዱ ቁጥር ምድጃው ሥር ጎንበስ ብለው ይወቅሱታል። “አምቦ ብሆን ይሄኔ በስሎ ተበልቶ ነበር! ባለቤቴ መርጦ የሚያመጣው እንጨት ሁሉ ሰነፍ ነው።” ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ በዝምታ ሌላ ፍልጥ ያቀብሏቸዋል።

የሰባተኛ ክፍል ትምህርቱ ስለ ቁስ ነበር፤ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። የምናስተምረው በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ቀን “ጠጣር የራሱ ቅርጽ አለው፤ ፈሳሽ የያዘውን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል” ብዬ ገና ሳልጨርስ ገመቹ ከኋላ እጁን አወጣ።

“ባርሲሳ፣ እንግዲያው ገብስ ፈሳሽ ነው። ጆንያ ውስጥ ስትከተው ጆንያ ያህላል፤ ቁና ውስጥ ስትከተው ቁና ያህላል። ደግሞም ይፈሳል።”

“እንግዲያው ጠጣው!” አለችው ጃለኔ ከፊት ወንበር፣ ዞር እንኳ ሳትል።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ነገ እናየዋለን ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ አንድ ጣሳ ገብስና አንድ ጣሳ ውሃ ይዤ ገባሁና ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኳቸው። ገብሱ እንደ ትንሽ ተራራ ተከመረ። ውሃው ግን ምንም ሳይከመር ዳር ዳሩን ፈልጎ ወረደ፤ ከፊሉ ቀርቦ ያይ በነበረው ገመቹ ሱሪ ላይ። ጃለኔ አንዲት የገብስ ፍሬ አንሥታ ጥፍሯ ላይ አስቀመጠችና ብዙ አየቻት። “ፍሬዋ ቅርጿን አልለቀቀችም፤” አለች። ከዚያ በኋላ ነው ደብተሯን የከፈተችው።

እንዲህ ነበረች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ሌሎቹ እኩል ሲገለብጡ እሷ በዓይኗ ያላየችው ነገር የሚጻፍበትን ቦታ ባዶ እየተወች ታልፋለች። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ክፍል ስገባ በቅድሚያ የማየው የእሷን ባዶ ቦታዎች ሆነ፤ ለነገ ምን ይዤ መምጣት እንዳለብኝ የሚነግሩኝ እነሱ ነበሩ።

ቴርሞሜትሩን አንድ ጊዜ መርካቶ ሄጄ የገዛሁት ነው። ልጆቹ አይተው ስለማያውቁ በየተራ ጨበጡት፤ ቀይዋ ክር በመዳፋቸው ሙቀት ስትወጣ በጩኸት ተቀበሏት። ከዚያ ውሃ ልናፈላ ወጣን። ነፋስ በማይነካው የግድግዳ ጥግ ሦስት ድንጋይ ጎልተን፣ የባህር ዛፍ ጭራሮ ለኩሰን፣ ማንቆርቆሪያውን ጣድን። ቴርሞሜትሩን ታችኛውን ብረት እንዳይነካ በገመድ አንጠለጠልኩት። ክሯን የምታነበው ጃለኔ ነበረች።

“ሰባ... ሰማንያ... ሰማንያ ስምንት... ዘጠና።”

ውሃው መገላበጥ ጀመረ። እንፋሎቱ ፊታችንን መታው። ክሯ ግን ቆመች።

“እንጨት ጨምሩ!” አለ አንዱ። ተጨመረ። ማንቆርቆሪያው ክዳኑን እስኪጥል ፈላ። ክሯ ዘጠና ላይ፣ ምናልባት ከዘጠና ፀጉር ታህል አለፍ ብላ፣ ንቅንቅ አላለችም።

“ዓይንሽን ታጠቢ!” አላት ገመቹ። “መጽሐፉ መቶ ይላል።”

“ና አንተ በታጠበው እየው።”

መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንገቱን አቀና። “ቴርሞሜትሩ ሰነፍ ነው፤” አለ።

እኔም በልቤ ያልኩት ይህንኑ ነው። ዕቃ የሚጠግን ሰው ዕቃ ሲሳሳት አይደነቅም። መቶ የሚለውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ጃለኔ ግን ቦታውን ባዶ ተወችው።

በሳምንቱ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ጣለ። ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሣ ማስተማር አልተቻለም። ልጆቹ “ጨቢ! ጨቢ!” እያሉ ሳህንና ጣሳ ይዘው ወጡ፤ ጨቢ በእነሱ ቋንቋ በረዶ ነው። ገመቹ አፉን ከፍቶ ሰማይ ሰማይ እያየ ሲሮጥ ግንባሩን ተመታ። ዝናቡ ሲያባራ በሳፋ ሙሉ በረዶ ውስጥ ቴርሞሜትሩን ቀበርነው። በረዶው ሲቀልጥ ክሯ ወርዳ ወርዳ ዜሮ ላይ ቆመች። ልክ ዜሮ ላይ፤ ከላይም አይደለም፣ ከታችም አይደለም።

ጃለኔ ቀና ብላ አየችኝ። “ባርሲሳ፣ ከታች የማይዋሽ ዕቃ ከላይ ለምን ይዋሻል?”

መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው፣ ቃል በቃል ማንበብ ያዝኩ። ውሃ በመቶ ይፈላል ከሚለው አጠገብ “በባህር ጠለል ላይ” የሚል ነገር ተጽፏል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ዘልዬዋለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በእኛ አገር ከባህር ዛፍ በቀር ባህር የሚባል ነገር ያየ ሰው ስለሌለ፣ ያንን ሐረግ ሁሉም እንደ መጽሐፍ ሰላምታ ነው የሚያልፈው።

የቀረውን ያስተዋልኩት ከብስኩት ነው። እሁድ እሁድ አምቦ ወርጄ ስመለስ ለልጆቹ ብስኩት እገዛላቸው ነበር። አምቦ ላይ ለስላሳ የነበረው ላስቲክ ጎጆ ሲደርስ ሁልጊዜ ተነፍቶ፣ ሊፈነዳ ደርሶ ነው የሚገኘው። ልጆቹ “የአምቦ ነጋዴ ነፋስ ይሸጥልሃል” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በዚያ ሰኞ ብስኩቱን ለገመቹ ልሰጠው ስል እጄ ላይ ቀረ። አየር ይከብዳል፤ ከላያችን የተከመረው አየር ሁሉን ነገር ይጫናል። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ ያለው አየር ያንሳል፣ ጫናውም ይቀላል። ስለዚህ የተዘጋ ላስቲክ ይነፋል። ውሃም ለመፍላት የሚገፋው ሸክም ስለሚቀልለት ብዙ ሳይግል ይፈላል፤ ብዙ ሳይግል ስለሚፈላም ባቄላ ቶሎ አያበስልም። ይህን ሁሉ በየክፍሉ ለብቻ ለብቻው አውቀው ነበር። አንድ ላይ ያሰረልኝ ግን የተነፋ ብስኩት ነው።

ያን ሰሞን አምቦ ላይ የተማሪዎች የሳይንስ ትርኢት እንደሚደረግና እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ ሥራ ይዞ እንደሚቀርብ ተነገረ። የእኛ ትምህርት ቤት ከዚያ በፊት ተጋብዞ አያውቅም። ልጆቹ ውሃ እናፍላ አሉ። ጃለኔ በትልቅ ወረቀት ላይ “ጎጆ፦ ዘጠና” ብላ በቀይ ጻፈች። ኦቦ ቶለሳ ገብተው አነበቡት።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“ያየነው ነው፣ ዳይሬክተር፤” አለች።

ወደ እኔ ዞሩ። “ሌሎቹ እሳተ ገሞራ ይሠራሉ፤ ጭስ የሚያወጣ! እኛ ውሃ አፍልተን፣ እሱም በቅጡ አልፈላልን ብሎ እንሂድ? መጀመሪያችን እኮ ነው። ከተሳቀብን ከዚህ ግቢ ዳግመኛ ልጅ ይዤ አምቦ አልወርድም።” ከዚያ ለጃለኔ እስክሪብቶ ዘረጉላት። “መቶ ብለሽ አስተካክዪው፣ ልጄ።”

እስክሪብቶውን አልተቀበለችም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እንቢ ማለት እንደማትችል ታውቃለች፤ እጇ ግን አልተዘረጋም። ከኋላዋ የቆሙት ልጆች እኔን ያዩ ጀመር። መናገር አልወድም፤ በዚያች ሰዓት ግን ዝም ብል ከዚያ ወዲያ ባዶ ቦታ የሚተው ልጅ እንደማይኖረኝ ገባኝ።

“ኦቦ፣” አልኩ፣ “ከሥሩ ‘አምቦ’ ብለን እንጻፍና ቁጥሩን ባዶ እንተወው። እዚያው በሰው ፊት አፍልተን እንሙላው። አምቦም ዘጠና ላይ ከቆመ ዕቃው ተበላሽቷል፤ የጎጆውን እንሰርዛለን። ከዘጠና ካለፈ ግን ጃለኔ ትክክል ናት።”

“ያልፋል?”

“ማለፍ አለበት።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“አይደለሁም። አምቦ ላይ አፍልቼ አላየሁም።”

“አስተማሪው ማን እንደሆነ ጠፋኝ፤ አንተ ነህ ወይስ እሷ?” አሉና እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በአባዱላ ወረድን። ጃለኔ ወረቀቱን ጠቅልላ አቅፋለች፤ ገመቹ ማንቆርቆሪያውን ጭኑ ላይ አድርጓል፤ ከእግራችን ሥር የከሰል ማንደጃና አንድ ጀሪካን የጎጆ ውሃ አለ። ውሃውን የጫንኩት እኔ ነኝ። የአምቦ ውሃ ጋዝ አለው፣ ጨው አለው እንዳይሉን፣ ውሃውም ዕቃውም ያው ሆኖ ቦታው ብቻ እንዲለወጥ። ቁርሳችን አዴ ወርቄ የቀቀሉልን ድንች በሚጥሚጣ ነበር። ጭጋጉ ጊንጪ ስንቃረብ ተገፈፈ፤ ግራና ቀኙ የታረሰ ጥቁር አፈር በፀሐይ ያብረቀርቃል።

ጊንጪ መኪና ልንቀይር ስንወርድ ጃለኔ ጮኸች። ጎጆ ላይ ውሃዋን ጨርሳ የዘጋችው ሃይላንድ ጎኑ ገብቷል።

“ተቀምጠህበታል!” አለችው ገመቹን።

“በእናቴ አልነካሁትም! ማንቆርቆሪያ ታቅፌ በየት በኩል ልቀመጥበት?”

ክዳኑን ስትፈታው ጠርሙሱ አየር ሳብ አደረገና ጎኑ ተመልሶ ወጣ። ከዚያ ገመቹ በዝግታ “ብስኩቱ...” አለ፤ “ብስኩቱ ሲወጣ ይነፋል፤ ይሄ ሲወርድ ይጨመቃል።” ጃለኔ ጠርሙሱን መልሳ ዘጋችው፣ አምቦ ላይ ምን እንደሚሆን ለማየት። በዚያ መንገድ ላይ ያስተማርኩት ነገር የለም፤ እንደዚያን ቀን ግን አስተምሬ አላውቅም።

የትርኢቱ አዳራሽ በእሳተ ገሞራ ተሞልቷል። ከሰላችንን ሲያይ ዘበኛው “እዚህ እሳት አይነድም!” ብሎ አስወጣን፤ ግቢው ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ተተከልን። ብዙ ሰው አልጎበኘንም። በመጨረሻ ከዳኞቹ አንዷ፣ መምህርት ራሔል የተባለች ከሌላ ክፍለ አገር መጥታ አምቦ የምታስተምር ወጣት ሴት፣ ብቻዋን ወጣች። ወረቀቱን አነበበች። ባዶውን መስመር አየች። ከዚያ በአማርኛ ጠየቀች።

“ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?”

የጃለኔ አማርኛ ያኔ አጭር ነበር። “የት?” አለቻት።

ከኋላዬ ኦቦ ቶለሳ “ዋቃዮ!” ብለው አምላካቸውን ሲጠሩ ሰማሁ። መምህርት ራሔል ግን ፈገግ አለች፤ ወንበር ስባ ከማንደጃው አጠገብ ተቀመጠች። “እሺ፣ እዚህ፤” አለች።

ማንቆርቆሪያው መዝፈን ጀመረ። ጃለኔ ክሯ ላይ አጎንብሳ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና ላይ ስትደርስ ክሯ የቆመች መሰለኝ። ጃለኔ እጇን አነሣች፤ ቆዩ ማለቷ ነው። ውሃው ገና አልተገላበጠም ነበር። ዘጠና አንድ። ዘጠና ሁለት። ክዳኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እንፋሎቱ ወጣ፤ ክሯም ዘጠና ሦስት ላይ ደርሳ ተረጋጋች። ገመቹ ሊጮህ አፉን ሲከፍት በክርኗ መታችው፤ ክሯ መቆሟን እርግጠኛ እስክትሆን ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ቀዩን ቀለም አንሥታ ባዶውን ሞላች። ኦቦ ቶለሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉት።

“ወንጪ ተራራ አፋፉ ላይ ብትወጪስ?” አለች መምህርቷ። አሁን እኔ እየተረጎምኩ ነው።

“ይቀንሳል። ከጎጆም ሊያንስ ይችላል። ግን አላየሁም።”

“ባህር ላይስ?”

“መጽሐፉ መቶ ይላል። እሱንም አላየሁም።”

መምህርቷ ወረቀቷ ላይ ብዙ ጻፈች። ምን እንደጻፈች አላወቅኩም። አንደኛ የወጣው ከሁሉ የበለጠ ጭስ ያወጣው እሳተ ገሞራ ነው፤ እኛ ሦስተኛ ወጥተን ትልቅ የዓለም ካርታ ተሸለምን። በመመለሻው መኪና ውስጥ ልጆቹ ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሰማያዊውን ሁሉ ይፈልጉ ነበር። ገመቹ ጣቱን ከአዲስ አበባ አስነሥቶ ወደ ምሥራቅ ነዳው።

“ጅቡቲ፤” አለ። “ሩቅ አይደለም እኮ! አንድ ስንዝር አይሞላም።”

ጃለኔ ወረቀቱን ፈታችና፣ መኪናው እያንገጫገጫት፣ ሦስተኛ መስመር ጻፈች። “ባህር፦” ብላ ባዶ ተወችው። ከፊት የተቀመጡት ኦቦ ቶለሳ ዞረው አዩዋት። በማግስቱ ወረቀቱ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ በተከታዩ ዓመትም ልጆች ይዘው አምቦ እንደወረዱ ሰማሁ። ከሰፈሩ ሁሉ ዜናውን በመጨረሻ የሰሙት አዴ ወርቄ ናቸው።

“እንግዲያው እንጨቱ አይደለም?”

“አይደለም፣ አዴ።”

“ባለቤቴም አይደለም?”

“እሳቸውም አይደሉም።”

ጥቂት አሰቡና “ይህን ሁሉ ዘመን ሰድቤዋለሁ እኮ!” ብለው ሳቁ። በዚያ ሳምንት ለባለቤታቸው ዶሮ ተሠራ።

ሻዩ መጣ። ገመቹ ስኳሩን ከልክ በላይ ጨምሮ አማሰለ። አምና በጅቡቲ መስመር ረዳትነት ሲጀምር ቴርሞሜትሩን በዚህችው ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስረከብኩት።

“ወደቡ ዳር ተራ ስንጠብቅ ነው፤” አለ። “ሾፌሩ ተኝቷል። በትንሿ ቡታጋዝ ጣድኩ።”

“የባህሩን ውሃ?”

“የሚጠጣ ውሃ! ጨው መግባት እንደሌለበት አንተው አይደለህ የነገርከኝ? የጎን ነፋሱን በካርቶን ከለልኩ። ታችኛውን ብረት እንዳይነካ አንጠለጠልኩት።” ሻዩን ፉት አለ። “ዘጠና ሦስትን ሲያልፍ ብቻዬን ጮህኩ፤ ሾፌሩ ጎማ የፈነዳ መስሎት ተነሣ። ከዚያ ወጣ፣ ወጣ፣ ዘጠና ዘጠኝ ተኩል ላይ ቆመ። ጋዝ ጨመርኩ። እንቢ አለ። መቶ ነው ልልህ አስቤ ነበር። ግማሽ ምን አላት? ከዚያ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ።”

ለጃለኔ ደወልኩላት። አሁን ጎጆ አካባቢ ነርስ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ትኩሳት ትለካለች። ኦቦ ቶለሳ ጡረታ ሲወጡ ያንን ወረቀት ለእሷ ነው የሰጧት። ቁጥሩን ነገርኳት።

“ማን ነው ያየው?”

“ገመቹ፤ እዚሁ አጠገቤ አለ።”

“ዓይኑን ታጥቦ ነበር?”

ስልኩን በድምፅ ማጉያው ከፍቼው ስለነበር ገመቹ ሻዩ ትን አለው። እየሳለም “በባህር ውሃ!” ብሎ ጮኸላት። እሷም ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ የወረቀት መንኮሻኮሽና የመሳቢያ ድምፅ ሰማን፤ ቀይ ቀለም እየፈለገች መሆን አለበት።

መኪናው ማዳበሪያውን ሊያራግፍ ሄደ። እኔ ወደ ራዲዮዬ ተመለስኩ፤ ግን ለረጅም ጊዜ መፍቻውን አላነሣሁም። እኔ ባህር አላየሁም፤ ምናልባትም አላይም። አንድ መንፈቅ ብቻ ነው ያስተማርኩት፤ ካስተማርኩት ውስጥ ስንቱን ልጆቹ እንደረሱት አላውቅም። ሆኖም አንድ ሰው ሌላ አገር፣ ማንም ሳያየው፣ ግማሽ ዲግሪ ለመጨመር እጁ ሳይታዘዝለት ቀርቷል። ቴርሞሜትሩን ወደ ካልሲው መልሼ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ገመቹ በሚቀጥለው ጉዞ፣ መምህርት ራሔል ያኔ በጠየቀችን በወንጪ በኩል የሚያልፍ ጭነት እንዳለ ነግሮኛል።